የባልዲው ጥለት

ብርነሽ መጀመሪያ ያወቀችው ራሷን አይደለም፤ ባልዲዋን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ኦስሎ፣ ሊንደሩድ ሰፈር ባለው ቤቷ ልጇ ናታሊ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ፣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ የድሮ ፎቶዎችን ታያለች። ብርነሽ ደግሞ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች አልፎ አልፎ ዐይኗን ጣል ታደርጋለች። ናታሊ ፎቶ አንሺ ናት። እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ሰርግና ልደት እያነሳች ኑሮዋን የምትደጉም ልጅ ናት። ትርፍ ጊዜዋን ግን የምታጠፋው ከአርኪቭ አርኪቭ፣ ከአንዱ መዛግብት ቤት ወደ ሌላው፣ እየዞረች በድሮ የኖርዌይ ፎቶዎች ጠርዝ ላይ የቀሩ ጥቁር ሴቶችን በመፈለግ ነው። ፎቶ አንሺው ሊያነሳቸው ያላሰባቸው፣ ስማቸውን ማንም ያልጠየቃቸው ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ትሪ ይዛለች፣ አንዷ የሰው ልጅ አቅፋለች፣ አንዷ ከበር ስትወጣ ድንገት ፎቶው ውስጥ ገብታለች። ናታሊ እነዚያን ሴቶች አፈላልጋ ታገኝና ዛሬ በፈለጉት አኳኋን፣ በመሐል አቁማ ታነሳቸዋለች። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ሰቅላ ፀደይ ላይ ቶየን ሰፈር የሜትሮ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች ትንሽ አዳራሽ ልታሳይ አስባለች።

እውነቱን ለመናገር ብርነሽ ይህን ሥራ እንደ ሥራ አትቆጥረውም ነበር። ልጇ ሌላው ሰው የጣለውን ፎቶ እየለቀመች ዕድሜዋን የምትፈጅ ነበር የሚመስላት። ያን ቀን ግን ካልሲ እያጣመረች ቀና ስትል እጇ ቀጥ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ፤ መልሺው እስኪ» አለች።

ናታሊ መለሰችው። አምስት ሙሉ ልብስ የለበሱ ወንዶች በአንድ ሰፊ ቢሮ ውስጥ ተሰልፈው ፈገግ ብለዋል። በስተቀኝ፣ ጠርዙ ላይ፣ በግማሽ የተከፈተ በር አለ። በበሩ የምትወጣ ሻሽ ያሰረች ጥቁር ሴት ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ባልዲ ይዛለች።

«ያቺ ባልዲ የኔ ናት» አለች ብርነሽ።

ናታሊ ሳቀች። «ማማ፣ ባልዲ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደል እንዴ?»

«ናይ! አይደለም፤ እጀታዋን እይው።»

ናታሊ ፎቶውን አጎላችው። የባልዲው ሽቦ እጀታ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ተጠምጥሟል። ጨርቁ ላይ እንደ ደረጃ ወጥቶ ወጥቶ አናቱ ላይ እንደ መንጠቆ የሚታጠፍ ጌጥ ይታያል። ብርነሽ ያን ጌጥ ጨለማ ውስጥ በጣቷ ብትዳስሰው ታውቀዋለች። የአባቷ ጥለት ነው። ከጥለቱ ወደ እጅ፣ ከእጁ ወደ ክንድ፣ ከክንዱ ወደ ሻሹ ዐይኗ ሲወጣ ራሷን አገኘች። ከሃያዎቹ ያልዘለለች፣ ቀጭን፣ ሰው እንዳያያት የምትጣደፍ ብርነሽ።

ከፎቶው ሥር የአምስቱ ወንዶች ስም ከነአባታቸውና ከነማዕረጋቸው ተደርድሯል። ዝርዝሩ ሲያልቅ እንዲህ ይላል፦ «በስተቀኝ፣ ቤሪት፣ የጽዳት ረዳት»።

«ቤሪት ማናት?» አለች ናታሊ።

«እኔ ነኛ» አለች ብርነሽ፤ ይህን ስትል ደሟ ፈላ።

ብርነሽ ገብረመድህን የጉለሌ ልጅ ናት። አባቷ አባባ ገብረመድህን ሸማኔ ነበሩ፤ ያውም ሸማኔ የሚለውን ቃል ሰው እንደ ስድብ በሚወረውርበት ዘመን። በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የእሳቸውን ጥለት ለብሳ ትወጣለች፤ ልጃቸውን ለልጅሽ እጪ ሲሏት ግን ያቺው ሴት ፊቷን ታጠቁራለች። አባባ ገብረመድህን ግን ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰደው፣ መወርወሪያቸውን ወዲያና ወዲህ እየላኩ፣ ያቺን ደረጃና መንጠቆ እየደጋገሙ ኖሩ። ነገር በሆዳቸው የሚይዙ ሰው ነበሩ።

ብርነሽ በሱዳን በኩል ዞራ ኦስሎ የገባችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1987 ነው። መጀመሪያ ያገኘችው ሥራ ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር የአንድ መርከብ ኩባንያ ቢሮ ማጽዳት ነበር። አብራት የምትሠራው የወሎዋ መሱዳ ነበረች፤ ሳቋ ከሦስተኛ ፎቅ ምድር ቤት የሚሰማ፣ አላህ ይዘንላት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያለፈች ሴት። የኩባንያው ሼፍ፣ ማለትም አለቃው፣ «ብርነሽ» ማለት ቢከብደው «ቤሪት እንበልሽ» አላት። ብርነሽ «ያ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። አዲስ ሰው ምን ይላል? ሥራ የሰጣት ሰው ስም ጨምሮ ቢሰጣት የምታመሰግን ነበር የመሰላት።

ባልዲዋ የፕላስቲክ መያዣው ተሰብሮ ሽቦው ብቻ ቀርቶ ነበር። ውሃ ሲሞላ ሽቦው መዳፏን እንደ ምላጭ ይከፍተዋል፤ አንድ ክረምት ቁስሉ አልሽር ብሎ አሰቃያት። አባቷ ስትሄድ ያለበሷት ነጠላ ደግሞ ታጥቦ ታጥቦ አልቆ ጥለቱ ብቻ ቀርቷል። ቆርጣ እጀታው ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ ወዲያ እጇ ዳነ፤ ባልዲዋንም ምልክቷን አይቶ ማንም አልወሰደባትም።

አዲሱ ቢሮ የተመረቀ ለት ብርነሽ የፈሰሰ ቡና ጠርጋ ስትወጣ ብልጭ አለ። ፎቶ አንሺው አንስቷል። ሼፉ በእጁ «ሂጂ፣ ሂጂ» አላት፤ ሄደች። ያ ነው እንግዲህ አርኪቭ የገባው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምንኛ ደግ ነበር። አላለቀም፤ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ሌላ ፎቶ ተነስቷል።

የዚያን ጊዜ ስደተኛ ፎቶ ወደ አገር ቤት ሲልክ እንዴት እንደሚልክ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቆዳ ጃኬት ከጓደኛ ይዋሳል፤ የማያውቀውን ሰው መኪና ተደግፎ ይቆማል፤ ጎረቤት አበባ ሲያወጣ አይቶ አበባው አጠገብ ይንበረከካል። ማንንም አላታለልኩም ይላል፣ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋልና። ብርነሽና መሱዳም ቢሮው ባዶ በሆነበት ቅዳሜ ጠዋት በመሱዳ ካሜራ ተጫወቱ። ብርነሽ ሽርጧን አውልቃ የሼፉ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶ ያዘች፤ የስልክ እጀታ ጆሮዋ ላይ ደገነች። መሱዳ እየሳቀች አነሳቻት። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ብርነሽ ያየችው ፊቷን ብቻ ነው፤ አምሮባታል። ሌላውን ሳታይ ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

ጉለሌ ሲደርስ ፎቶው ፎቶ መሆኑ ቀረ። ሹመት ሆነ። የሸማኔው ልጅ ኖርዌይ ቢሮ ይዛለች ተባለ። ፍሬም ገባ፣ ግድግዳ ላይ ወጣ፣ ፊት ያጠቆሩት ሴቶች ሳይቀሩ መጥተው አዩት። ታናሽ ወንድሟ ሀብቴ በዚያ ፎቶ ጓደኞቹን አንገት አስደፋ፤ ኋላም ልጆቹን «እንደ አክስታችሁ ተማሩ» እያለ አሳደገበት። ናታሊ ራሷ ልጅ ሆና አዲስ አበባ ሄዳ ፎቶውን አይታ «ማማ፣ ሼፍ ነበርሽ እንዴ?» ብላ ጠይቃለች። ብርነሽ «ያኔ ድሮ ነው» ብላ አለፈች።

ፎቶው በተላከ በዓመቱ ግድም በቃሉ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ ከአባቷ ትንሽ ጥቅል አመጣላት። ብርነሽ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ፈታችው። ውስጡ ጥለት ብቻ ነው። ነጠላ የለም፤ ጫፍና ጫፉ የተቋጠረ፣ ክንድ የማይሞላ ጥለት። ደግሞ የጥለቱ መልክ! ድፍን ሰማያዊ፣ ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው፣ እንደ ገመድ የወፈረ፤ ያቺ ደረጃና መንጠቆ እንኳ የለችበትም። ብርነሽ ወዲያው ፈረደች፤ ነጠላው ተሰርቋል። በቃሉ አፉን ሳይከፍት «ነጠላዬን ምን አደረግከው? የአባቴን እጅ ሥራ ለማን ሸጥከው?» ብላ ሰው ፊት አዋረደችው። እሱ «ስሚኝ እንጂ» ቢል ማን ይስማው። ቂም ቋጠረችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ እሷ በዚህ በር ከገባች እሱ በዚያኛው ይወጣል። አባቷንም መጠየቅ አልፈለገችም፤ «ለምን አሳዝናቸዋለሁ» አለች። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ጥለቱን የት ትጣለው? ቁም ሳጥኗ ግርጌ ቀረ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ተረስቶ፣ ጡረታ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ብርነሽ ቤሪት ሆና ራሷን አገኘችው። ሰኞ ዕለት ከናታሊ ጋር ፎቶው ወደተቀመጠበት አርኪቭ ሄደች። ያስተናገደቻቸው ማርያ የምትባል ትሑት ሴት ናት። ቡና ቀድታ፣ ፎቶውን ከሳጥን አውጥታ፣ በነጭ ጓንት ይዛ አሳየቻቸው።

«እንዲታረም ነው የምፈልገው» አለች ብርነሽ። «ቤሪት የሚለው ይውጣና የኔ ስም ከነአባቴ ይግባ። እነሱ ከነአባታቸው ነው የገቡት።»

ማርያ ራሷን ነቀነቀች። «አምንሻለሁ። ግን ፊትሽ ዞሯል። ሰው እኔ ነኝ ስላለ ብቻ ብንቀይር ነገ ሌላ ሰው መጥቶ እኔ ነኝ ይላል። አንቺን ከዚያ ቢሮና ከዚያች ባልዲ ጋር የሚያገናኝ ሌላ ነገር ያስፈልገኛል። አብሮሽ የሠራ ሰው፣ ወይም ሌላ ፎቶ። ፎቶ ከሆነ ጀርባው ጭምር፤ ያጠበው ቤት ማኅተም ይኖርበታል።»

«አብራኝ የሠራችው ሞታለች።»

ናታሊ ከወንበሯ ተነሳች። «አጎቴ ሀብቴ ቤት ያለው አለ አይደል! ቢሮሽ ውስጥ የተነሳሽው!»

ብርነሽ ምን ይዋጣት። ቡናውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

ማዮርስቱን ወርደው ያ ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሙ። ዛሬ ምድር ቤቱ የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኗል። ብርነሽ ሦስተኛውን ፎቅ ለናታሊ በጣቷ አሳየቻትና ሁሉንም ነገረቻት፤ ወንበሩን፣ እስክሪብቶውን፣ የመሱዳን ሳቅ። እናቷ የጠበቀችው ወይ ሳቅ ወይ ቁጣ ነበር፤ ልጅቷ ግን ዐይኗ እንባ አቀረረ።

«እኔ ትምህርት ቤት እናቴ ሼፍ ነበረች ብዬ ተናግሬያለሁ» አለች።

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ማማ፣ ተዪው በቃ። አጎቴን ማሳዘን አያስፈልግም። ኤግዚቢሽኑ የኔ ነው፤ ግድግዳው ላይ ትክክለኛ ስምሽን እኔ እጽፈዋለሁ። ማን ይከለክለኛል?»

«አንቺ የጻፍሽው ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ይነሳል» አለች ብርነሽ። «እዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ግን እኔም አንቺም ስንሞት ይቀመጣል። የልጅ ልጆችሽ መጥተው ሲያዩ ቤሪትን ነው የሚያገኙት። ናይ፤ ፍንክች አልልም።»

እሑድ አዲስ አበባ ደወለች። ሀብቴ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው፤ ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ምን እያልሽኝ ነው? ልጆቼን በዚያ ፎቶ ነው ያሳደግኳቸው! የሰፈሩን አፍ የዘጋነው በእሱ ነው። አባባ እሱን እያዩ ነው የሞቱት፤ ልጄ ሰው ሆነች ብለው። አሁን ባልዲ ልታስይዣቸው ነው?»

«ባልዲ ነውር ነው እንዴ?»

«ነውር አላልኩም። አሁን ለምን ነው ያልኩት። ማንም ሳይጠይቅሽ!» አለና ስልኩን ዘጋባት።

ብርነሽ ራሷ ሀብቴ ልክ ነው ብላ የምታስብበት ሰዓት ነበር፤ አባቷን መቃብር ድረስ ተከትላ የምታሳፍር መሰላት። ደግሞ ያቺ በግማሽ በር የምትወጣ ልጅ ትመጣባታለች፤ «ያ» ብላ ስሟን ያስረከበች ልጅ። እሷን ማን ሊጠይቅላት ነው? ሥራ ስትሄድ ሜትሮ ውስጥ ከራሷ ጋር ስትሟገት፣ አረጋውያን በምትንከባከብበት ቤት የሽማግሌዎቹን አልጋ ስታነጥፍ ስትሟገት ሰነበተች። ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳም። በመጨረሻ በድምፅ መልእክት ላከችለት።

«ሀብቴ፣ ባታነሳም መስማትህ አይቀርም። እኔ ቢሮ አልነበረኝም። ያን ጠረጴዛ የምወለውለው፣ ቅርጫቱን የምደፋው እኔ ነበርኩ። ሠርቼ ነው የበላሁት፤ አንተንም ያስተማርኩህ በዚያችው ባልዲ ነው። የዋሸሁት ሰው ሸማኔ እያለ ሲያንጓጥጠን ስለኖረ ነው። አባባን አስደስቻለሁ ብዬ ነበር። አሁን ግን አንድ ፎቶ ላይ በሌላ ሰው ስም ተቀምጫለሁ፤ የአባባ ስም የለበትም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ከነአባታቸው ሲጻፉ የኔ አባት ብቻ ተዘሏል። ይህን ይዤ አልሞትም። ለልጆችህ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ አንተ አትጨነቅ። ፎቶውን ከፍሬሙ አውጣና ፊቱንም ጀርባውንም አንስተህ ላክልኝ።»

ሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ። ረቡዕ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ በቪዲዮ ደወለ። ፍሬሙ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጧል። ሀብቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዐይኑ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ይሄ ፎቶ ተቆርጧል።»

«ማን ቆረጠው?»

«ከጀርባው ሌላ ቁራጭ አገኘሁ። በንጹሕ ባዘቶ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።» ካሜራውን አስጠጋው። የፎቶው ቀኝ ጎን ነው፤ ጣት የማይሞላ ስፋት ያለው ቀጭን ቁራጭ። ከሼፉ ጠረጴዛ እግር ሥር ባልዲ ተቀምጧል፤ እጀታው ላይ ደረጃና መንጠቆ ያለው ጥለት ተጠምጥሟል። ብርነሽና መሱዳ በሳቅና በጥድፊያ ከፎቶው ማውጣት የረሱት ባልዲ ነው።

«በምላጭ ነው የተቆረጠው፤ ቀጥ ብሎ» አለ ሀብቴ። «በዚህ ቤት እንደዚህ የሚቆርጥ ሰው አንድ ነው። ይሄ ጥለት የአባባ አይደለም እንዴ?»

«የአባባ ነው።»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን አይተውታል። ቆርጠው፣ እኔን እንኳ ሳይነግሩኝ፣ ለሰው የሚታየውን ሰቀሉት።» ሀብቴ አለቀሰ። «እኔ በዚያ ፎቶ ስደነፋ ደግሞ ይሰሙኝ ነበር።»

ብርነሽ አባቷን አሰበች፤ በእጃቸው የሠሩት ጥለት፣ ለልጃቸው ትከሻ ብለው የሠሩት፣ የባልዲ ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ ሲያዩት። ሌላው ሰው ባልዲ ያያል፤ ሸማኔ ጥለቱን ነው የሚያየው። ለምን እንደተጠመጠመም ለማወቅ ሰው አይጠይቁም።

ድንገት ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውራ ተነሳች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ልብሱን ወዲያና ወዲህ እየበተነች ግርጌ ድረስ ወረደች። ሰማያዊው ጥለት እንደታሰረ አለ። ይዛው ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ የቤቷን ባልዲ አነሳች፣ እጀታው ላይ ጠመጠመችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልክክ አለ፤ የተቋጠሩት ጫፎች ማሰሪያ ሆኑ። ወፍራም ነው፣ እጅ አይቆርጥም። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ቆሻሻ አያሳይም። ያቺ ጌጥ የለችበትም፤ ማን ያየዋል ብለው ይሆናል ወይም እርጥበት እንዳያበላሻት።

ብርነሽ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሀብቴ ከሶፋው ላይ «እትዬ! እትዬ!» እያለ ይጣራል።

ማርያ ሀብቴ አንስቶ የላካቸውን ሁለቱን ቁራጮችና የአርኪቩን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ስታስተያይ ብዙ አልፈጀባትም። መጋረጃው ያው ነው፣ ሻሹ ያው ነው፣ ባልዲዋ ከነጥለቷ ያችው ናት፤ ጀርባው ላይ ያጠበው ቤት ማኅተም ከነዓመተ ምሕረቱ አለ። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለቻት።

«ብርነሽ ገብረመድህን፣ የጽዳት ሠራተኛ።»

«የኋላ ሙያሽን ልጨምርበት?»

«ናይ። ያኔ የነበርኩትን ነው የምትጽፊው። ረዳት አይደለም ግን፤ ማንንም አልረዳሁም፣ ብቻዬን ነው ያጸዳሁት።»

ማርያ ሳቀችና እንደተባለችው ጻፈች። ብርነሽ በላይዋ ላይ ቆማ ፊደል በፊደል ተከታተለቻት።

ናታሊ እናቷን የት እንደምታነሳት ስትጨነቅ ከርማ ነበር። መጀመሪያ ያሰበችው ሼፍ ወንበር ላይ ነበር፤ እንደ ንግሥት፣ በትልቅ ጠረጴዛ። «እዚያ ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ወንበር ነው» አለቻት ብርነሽ። ስለዚህ በር ተፈለገ። ብርነሽ በሩ መሐል ፊቷን ወደ ካሜራው አድርጋ ቆመች፣ ሰማያዊው ጥለት የተጠመጠመባትን ባልዲዋን ይዛ። ናታሊ «ማማ፣ ፈገግ በዪ» ስትላት «እነዚያ አምስቱ ፈገግ ብለውልኛል» ብላ እንቢ አለች። ፎቶው ላይ ዐይኗ ሰው ዐይን ውስጥ ይገባል።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት የቶየኗ አዳራሽ ሞላች። የናታሊ ጓደኞች ግማሹን በኖሽክ፣ በኖርዌይኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያወራሉ፤ የመሱዳ ልጅ ሩሚሳ የእናቷን ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጥታለች። ግድግዳው ላይ የሼፉ ወንበር ፎቶም አለ፤ ሀብቴ እንደላከው፣ ሁለቱ ቁራጭ ተገጥመው፣ የምላጩ መስመር እየታየ። ጉለሌ ያለው ፍሬምም አሁን እንደዚሁ ነው የተሰቀለው። ሀብቴ ልጆቹን ሰብስቦ ራሱ ነው የነገራቸው፤ ለእህቱ አልተወውም።

ብርነሽ በሩን በሩን ታያለች። በቃሉን ራሷ ደውላ ጠርታዋለች። መጣ። ሸብቷል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው፤ ማንንም ሳያናግር በቀጥታ ብርነሽ በሩ መሐል ባልዲ ይዛ የቆመችበት ፎቶ ፊት ሄዶ ቆመ። ብርነሽ አጠገቡ ቆመች።

«ይሄ ነው እንግዲህ ጥለቱ» አለ ፎቶውን እያየ።

«ይሄ ነው።»

«ነጠላውስ ተገኘ?»

«ነጠላ አልነበረውም በቃሉ። ዕድሜዬን ሙሉ በከንቱ ነው ሌባ ያልኩህ። ይቅር በለኝ፤ እግርህ ላይ ልውደቅ።»

በቃሉ ከዘራ ባልያዘበት እጁ ክንዷን ይዞ አስቆማት። «ተዪ፣ ተዪ እባክሽ። እኔን የቆጨኝ ስድቡ አይደለም። አባባ ገብረመድህን ጥቅሉን ሲሰጡኝ አደራ ብለውኝ ነበር። ‹ለእጇ ነው በልልኝ› ነው ያሉኝ። መቼ አስጨረስሽኝ?»

ብርነሽ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ሽቦው የቆረጣት ቦታ እስከ ዛሬ እንደ ነጭ ክር ሆኖ ይታያል።